ትናንት የወደድነው ፊልም አላታለለንም (የምላሽ ጽሑፍ)

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ አንድ ጽሑፍ ላከልኝና «ይኼ ላንተ የተጻፈ ነው» አለኝ። ጸሐፊው በወጣትነታቸው ነፍሳቸውን እስኪስቱ የወደዷቸውን ፊልሞች አንድ በአንድ መልሰው አይተው፣ አንዱም እንደ ድሮው እንዳልሆነላቸው ይተርካሉ። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለንም፤ በእኔም ደርሷል። ጠባችን ከገጠመኛቸው ተነሥተው በሰጡት ፍርድ ላይ ነው። ፍርዱ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ዛሬ ያላስደሰተን ፊልም ድሮም መጥፎ ነበር፣ ልጅነታችን አታለለን እንጂ። ስንወደው የኖርነው ፊልሙን ሳይሆን ያሳመርነውን ትዝታ ነው። ቴክኖሎጂው ያረጀ ፊልም አብሮ ያረጃል። መጨረሻው የታወቀ ታሪክ የተበላ ዕቁብ ነው። ዘመን የጣለውን አስተሳሰብ የያዘ ፊልም «ወድጄው ነበር» ብሎ መናገር ራሱ ያሳፍራል። ስለዚህ፣ ይላሉ ሲጨርሱ፣ የወደዳችሁትን ፊልም ዳግመኛ አትዩት።

ስድስቱንም እመልሳለሁ፤ ሁለቱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ አንዱ ላይ ደግሞ በከፊል እጄን እሰጣለሁ። ከሁሉም ሥር ግን አንድ ስሕተት አለ። ጸሐፊው «አልጣመኝም» የሚለውን ስሜታቸውን «መጥፎ ነው» ብለው ያነቡታል፤ ከዚያም ሳይቆዩ «መጥፎ ነበር» ይሉታል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር የሚያስፈልገው ማስረጃ የትም ቦታ አልቀረበም። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ።)

የሰው ገመና ላይ ከመፍረዴ በፊት የራሴን ላውጣ። «ዴድ ፖየትስ ሶሳይቲ» በ1989 የወጣ፣ ፒተር ዊር ያዘጋጀው፣ ሮቢን ዊሊያምስ በአንድ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ መምህር ሆኖ የተጫወተበት ፊልም ነው። መጀመሪያ ያየሁት በ17 ዓመቴ ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ካሴቱ ደጋግሜ የማጠነጥነው ቦታ ላይ ምስሉ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ድረስ አይቼዋለሁ። ላላያችሁት፦ መምህሩ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተማሪዎቹን የመማሪያ መጽሐፋቸውን መግቢያ ቅደዱና ጣሉት ይላቸዋል፤ መግቢያው የግጥምን ደረጃ በግራፍ ስለ መለካት የሚያስተምር ነው። በፊልሙ መጨረሻ ከሥራ ተባርሮ ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ ተማሪዎቹ ዴስካቸው ላይ እየወጡ ይሰናበቱታል። እኔ መምህር የሆንኩት በዚህ ፊልም ምክንያት ነው። ቀልዴን አይደለም።

ዐሥራ ስድስት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ መልሼ ሳየው ግን ያ የመቅደድ ትዕይንት አሳቀቀኝ። «በራሳችሁ ጭንቅላት አስቡ» የሚል መምህር ክፍሉን በሙሉ በአንድ ቃል ያስቀድዳል። ከልጆቹ አንዱ «መምህር፣ እኔ ገጹን መጀመሪያ ላንብበውና ከዚያ ልወስን» ቢለው ምን ይመልስለት ነበር? በ17 ዓመቴ ይህ ጥያቄ በአጠገቤ አላለፈም። ልጁ ቲያትር እንዳይሠራ የሚከለክለውን አባትም ያኔ ከልቤ ነበር የጠላሁት። ዛሬም ትክክል ነበር አልልም፤ ነገር ግን ያ አባት ሌሊት ባንኖ ቤቱን ክፍል በክፍል እየዞረ ልጁን ሲፈልግ ዓይኔ እርሱን እየተከተለ ይሄዳል። ፊልሙን ዛሬ ስመለከተው ደስታ አላገኝበትም። ይህን በግልጽ አስቀምጬ ወደ ክርክሩ ልግባ።

«ድሮም መጥፎ ነበር» ከሚለው ልጀምር። ጸሐፊው ጊዜ ሐቀኛ ዳኛ ነው ይላሉ፤ የአርባ ዓመቱ ሰው የዐሥራ ሰባት ዓመቱን ልጅ ፍርድ ይሽራል። ጥሩ። የስድሳ ዓመቱ ሰውዬ ደግሞ መጥቶ የአርባውን ቢሽርስ? ጸሐፊው ዛሬ የተቀመጡበትን ወንበር ይግባኝ የማይባልበት ችሎት አድርገውታል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነግሩንም። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1757 ባሳተመው ስለ ጣዕም በሚመረምር ድርሰቱ ሰው በሃያ ዓመቱ ኦቪድን፣ በአርባው ሆራስን፣ በሃምሳው ምናልባት ታሲተስን ሊወድ እንደሚችል ጠቅሶ ነበር። ሦስቱም የጥንት ሮማውያን ጸሐፊዎች ናቸው፣ ሁለቱ ገጣሚዎች፣ ታሲተስ ታሪክ ጸሐፊ፤ ሂዩም ግን ታሲተስ ሲመጣ ኦቪድ አታላይ ሆኖ ተገኘ አላለም። ዕድሜና ጠባይ የሚመርጡት ወዳጅ ይለያያል ማለቱ ነው።

ጊዜ ሐቀኛ ዳኛ መሆኑንም ቢሆን እንመርምረው። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የብሪታንያ የፊልም መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ የፊልም ሐያስያንን ድምፅ እየሰበሰበ የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞችን ያወጣል። በመጀመሪያው ምርጫ አንደኛ የወጣው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 ያዘጋጀው «ባይሲክል ቲቭስ» ነበር። በ1972 ከመጀመሪያዎቹ ዐሥር ውስጥ የለም። በሃያ ዓመት ውስጥ ከፊልሙ አንዲት ፍሬም፣ አንዲት ነጠላ ምስል፣ አልተነካችም። የሂችኮክ «ቨርቲጎ» ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ሄደ። በ1958 ሲወጣ የተቀበሉት እያንገራገሩ ነው፤ በ1962ም በ1972ም ከዐሥሩ ውስጥ አልገባም። በ1982 ሰባተኛ፣ በ1992 አራተኛ፣ በ2002 ሁለተኛ፣ በ2012 አንደኛ ሆነ፤ በ2022 ደግሞ ወደ ሁለተኛ ወረደ። እነዚህ ድምፅ ሰጪዎች ልጆች አይደሉም፤ በፊልም እንጀራቸውን የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ታዲያ የትኛው ዓመት ላይ ቆመን «ይኸው እውነቱ» እንበል? ጸሐፊው ቢፈቅዱልኝ፣ ይህ ዳኛ የራሱን ፍርድ በየዐሥር ዓመቱ የሚገለብጥ ዳኛ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሬይ ሃሪሃውዘን በ1933 «ኪንግ ኮንግ»ን ሲያይ ዕድሜው 13 ነበር። ከሲኒማ ቤቱ የወጣው ያ ግዙፍ ጦጣ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ለማወቅ እየተቃጠለ ነው፤ ዕድሜውንም በሙሉ አሻንጉሊት በፍሬም በፍሬም እያንቀሳቀሰ ፊልም ሲሠራ ኖረ። ከእርሱ በኋላ የመጡት የኢፌክት ባለሙያዎች ደግሞ የእርሱን ሥራ አይተው ነው ወደ ሙያው የገቡት። የ13 ዓመቱን ልጅ ጠርቶ «ተታለሃል» የሚለው ማን ነው? እኔም ብሆን ዛሬ ያ ፊልም አልጣመኝም ብዬ የማስተማር ሥራዬን በስሕተት ያገኘሁት ነው ልበል?

ወደ ትዝታ እንለፍ። ጸሐፊው ትዝታ ፊልሙን ያሳምረዋል፣ መልሰን ስናየው የሚያስደነግጠን ለዚህ ነው ይላሉ። ትዝታ ካሴት አለመሆኑን እቀበላለሁ። ፍሬድሪክ ባርትሌት የተባለው የብሪታንያ ሥነ ልቡና ተመራማሪ በ1932 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን አሳይቷል። ለእንግሊዛውያን ከሰሜን አሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች የተገኘ አንድ ተረት አስነበባቸውና ቆየት እያለ እንዲያወሩት አደረገ። ተረቱ እየተወራ በሄደ ቁጥር እንግዳ የሆነባቸው ነገር እየተንጠባጠበ ቀረ፤ የዛፍ ግንድ ታንኳው ሳይቀር ተራ ጀልባ ሆነ። ሰው የሚያስታውሰውን እየጠገነ ነው የሚያስታውሰው። ግን የተጠገነ ነገር ሁሉ ከዋናው በላይ ያምራል ያለው ማነው?

የእኔን ልንገራችሁ። ያን ፊልም መልሼ ያየሁት ብቻዬን አልነበረም፤ የእኅቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጧል። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ደረስን። አዲሱ መምህር፣ ማለትም ርእሰ መምህሩ፣ የመጽሐፉን መግቢያ እንዲያነብ አንዱን ተማሪ ያዘዋል፤ ገጹ ከመጽሐፉ የለም፣ ከማንም መጽሐፍ ውስጥ የለም። ከዚያ የመጀመሪያው ልጅ ዴስኩ ላይ ወጣ፤ ሁለተኛው ተከተለ፤ ሌሎቹም። እኔ በልቤ ክፍሉ በሙሉ የተነሣበትን ምስል ይዤ ሃያ ምናምን ዓመት ኖሬያለሁ፣ በመሐላ መመስከር እችል ነበር። ልጁ ግን ወደ ስክሪኑ ጣቱን ቀስሮ «አጎቴ፣ እነዚያ ለምን አይነሡም?» አለኝ። ፊልሙን አቁሜ አየሁ። እውነቱን ነው። ዴስካቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡ ልጆች አሉ፤ አንድ ሁለት አይደሉም። ወደ ኋላ መልሼ እንደገና አየሁት። ካሜራው አልደበቃቸውም፤ በቆሙት እግሮች መካከል ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

አሁን ይህን በጸሐፊው ሚዛን እንመዝነው። ትዝታዬ ልጆቹን በሙሉ አስነሥቷቸዋል፤ ፊልሙን ወደ ቀላል የድል ዘፈን ቀይሮታል። ያሳመረው ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንዳንዶቹ የቀሩበት ክፍል ከሁሉም የተነሡበት ክፍል ይልቅ እውነተኛ ነው፤ ማንም መምህር ይህን ያውቃል። ትዝታዬ ፊልሙን አላሳመረውም፣ አራክሶታል። በትዝታዬ ላይ የነበረኝን ቅሬታ በፊልሙ ሒሳብ ላይ ስጽፍ ነበር ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ይህን ካወቅሁ በኋላም ፊልሙን እንደ ድሮው አልወደድኩትም። ያከበርኩት ግን ጨምሯል። ደስታና አክብሮት ለየብቻ መሄድ መቻላቸውን ጸሐፊው አንድም ቦታ አያነሡትም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ የሚባለው። «ቴክኖሎጂው ሲያረጅ ፊልሙ ያረጃል» ይላሉ፤ ማስረጃ ብለው ያቀረቡትም የዘጠናዎቹን የኮምፒውተር ምስል ነው። እሺ፣ «ጁራሲክ ፓርክ»ን እንውሰድ። በ1993 የወጣ፣ 127 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ነው። ዳይኖሰሮቹ በስክሪኑ ላይ የሚታዩት 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ በኮምፒውተር የተሠራው ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው። የቀረው በሰው እጅ የተሠራ ማሽን ነው። ሌሊት በዝናብ መኪናውን የሚያጠቃው አውሬ ሙሉ ቁመት ያለው መካኒካል አካል ነበር፤ ቆዳው ዝናቡን እየመጠጠ ስለሚከብድና ስለሚንቀጠቀጥ በየቀረጻው መካከል ሠራተኞቹ በፎጣ ያደርቁት ነበር። ከዚያ በፊት የሚመጣውና ሁላችንም የምናስታውሰው የውኃ ኩባያስ? የአውሬው እርምጃ ገና ከሩቅ ሲሰማ በኩባያው ያለው ውኃ በክብ በክብ ይርገበገባል። ያ የተሠራው ከመኪናው ሥር በተወጠረ የጊታር ክር ነው፤ አንድ ሰው ክሩን ይመታል፣ ውኃው ክብ ይሠራል። የጊታር ክር የሚያረጅ ቴክኖሎጂ ከሆነ እኔ ተሸነፍኩ።

ጸሐፊው የሚሉት ዓይነት ማርጀት የለም አልልም። ግን ብዙ ጊዜ የሚያረጀው ዘዴው ሳይሆን አዲስነቱ ነው፤ አዲስነቱን የሚገድሉት ደግሞ አስመሳዮቹ ናቸው። «ማትሪክስ» በ1999 ሲወጣ ጀግናው ከጥይት ሲያመልጥ ጊዜ የሚቆምበትና ካሜራው ዙሪያውን የሚዞርበት ትዕይንት ሰውን አፍ አስያዘ። ከመቶ በላይ ፎቶ ካሜራ በመስመር ተደርድሮ የተነሣ ነው። በ2000 «ስኬሪ ሙቪ» ቀለደበት፣ በ2001 «ሽሬክ» ቀለደበት፣ ከዚያ ማስታወቂያው ሁሉ ተቀባበለው። ዛሬ የሚያየው ሰው ቀልዱን ቀድሞ ስላየ ዋናው ቀልድ ይመስለዋል። ለዚህ ጥፋተኛው ማነው? የተሰረቀው ነው ወይስ የሰረቀው?

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ጸሐፊው ጨርሶ የዘለሉት ተራ ምክንያት አለ፤ እርሱም መጥገብ ነው። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንክ በ1968 ባወጣው ጥናት አንድን ነገር ደጋግሞ ማየት ብቻውን መውደድን እንደሚጨምር አሳየ። ሌላው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ዳንኤል በርሊን ደግሞ በ1970 አካባቢ መውደድ በመደጋገም እያደገ ሄዶ ጫፍ ላይ ሲደርስ መልሶ ይወርዳል ብሎ ሥዕሉን ሞላው። ካሴቱ እስኪሳሳ ያየሁትን ፊልም ባልወደው ፊልሙ ምን አጠፋ?

አሁን ደግሞ ጸሐፊው ያልጠረጠሩትን ልንገራቸው፤ ካላመኑኝ ቤታቸው ገብተው ይሞክሩት። ባለፈው ዓመት ወንድሜ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቶ «ና፣ የድሮ ፊልም በአዲስ ስክሪን እንይ» አለኝ። ከፈትነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለታችንም ዝም አልን። ተዋናዮቹ እየተንሸራተቱ የሚሄዱ ይመስላሉ፤ መብራቱ የስቱዲዮ መብራት፣ አለባበሱ የኪራይ ልብስ፣ የፊት ገጽታቸው ገና ሜካፕ ክፍል ውስጥ ያለ። ሰው ያስለቀሰ ፊልም የቀን ተከታታይ ድራማ ሆኖ አረፈው። ወንድሜ «እንዴት ነው ይሄን እንወደው የነበረው?» አለ። እኔም ልክ እንደ ጸሐፊው «ልጆች ነበርንና» አልኩት።

ልጆች ስለነበርን አልነበረም። ፊልም የሚቀረጸው በሴኮንድ 24 ፍሬም ነው፤ ድምፅ ወደ ሲኒማ ከገባበት ከሃያዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ልማዱ ይኸው ነው። የዛሬ ቴሌቪዥን ግን በሴኮንድ 60 ወይም 120 ጊዜ ምስል ያድሳል። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ በሁለት ፍሬሞች መካከል የሌለ ፍሬም ራሳቸው ፈጥረው እንዲያስገቡ ተደርገው ነው የሚመጡት። ለኳስ ጨዋታ ጥሩ ነው፣ ኳሷ ጥርት ብላ ትታያለች። ለፊልም ግን መርዝ ነው፤ የ24ቱን ፍሬም ድብዝዝነት ጠርጎ ያወጣዋል፣ ሕልም የሚያስመስለው እርሱ ሆኖ ሳለ። በ2018 መጨረሻ ተዋናዩ ቶም ክሩዝና ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማኳሪ ቀረጻ ላይ እያሉ ሥራቸውን አቁመው፣ ሰዎች ይህን ነገር ከቴሌቪዥናቸው እንዲያጠፉ የሚለምን ቪዲዮ እስከ መልቀቅ ደርሰዋል። ኩባንያዎቹ የተለያየ ስም ይሰጡታል፤ በምስል ሴቲንግ ውስጥ «ሞሽን» የሚል ቃል ያለበትን ፈልጉ። እኛ አገኘነውና አጠፋነው። ወንድሜ የተናገረውን እዚህ መጻፍ ነውር ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ቃል አልተነፈሰም።

በካሴት ዘመን ደግሞ ተቃራኒው ነበር። ለሰፊ ስክሪን፣ ቁመቱን 2.35 እጥፍ ያህል በሚሰፋ ምስል የተነሣ ፊልም በካሬ ቴሌቪዥን እንዲሞላ ሲቆረጥ ከምስሉ ከአርባ በመቶ በላይ ይጣል ነበር። ሁለት ሰው የሚነጋገርበት ትዕይንት ላይ አንዱ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። እንግዲህ ያኔ የወደድነው ግማሽ ምስል፣ ዛሬ የጠላነው የተለሰነ ምስል ነው። «ያው ፊልም» የሚለው ቃል ራሱ ይፈተሽ።

ጸሐፊው «ስታር ዋርስ»ን ከዝርዝራቸው አስገብተዋል። የትኛውን? በ1977 የወጣውን ወይስ ጆርጅ ሉካስ በ1997 ነካክቶ ያወጣውን? በመጀመሪያው ከጀግኖቹ አንዱ ሃን ሶሎ ጠረጴዛ ሥር ሽጉጡን አውጥቶ ሊገድለው የመጣውን ሰው ይቀድመዋል፤ በሁለተኛው ባላጋራው ከቅርብ ርቀት ቀድሞ ተኩሶ ይስታል። አንዱ ለራሱ ጥቅም ያደረ ወሮበላ ነው፣ ሌላው ጨዋ ሰው። ስፒልበርግም በ2002 የ«ኢ.ቲ.»ን ሃያኛ ዓመት ሲያከብር ልጆቹን የሚያሳድዱትን ሰዎች ጠመንጃ በሬዲዮ መገናኛ ለወጠው፤ በኋላ ተጸጽቶ በአደባባይ ተናገረ፣ በ2012 የወጣው እትምም ወደ ጥንቱ ተመለሰ። እንዲህ እየተነካካ የመጣን ፊልም «ተለወጠብኝ» የሚል ተመልካች እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ የዕድሜ ጉዳይ ሳይሆን።

አራተኛው ነጥብ፣ መጨረሻው የታወቀ ፊልም ዋጋ የለውም የሚለው፣ ብዙ አያከራክረንም። በ2011 በሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ሰዎችን 12 አጫጭር ልብ ወለዶች አስነብበው፣ መጨረሻው አስቀድሞ የተነገራቸው ከሌሎቹ ይልቅ እንደተደሰቱ አገኙ። አጭር ልብ ወለድ ፊልም አይደለም፤ እሺ። ግን ትልቁ ምሥጢሩ መጨረሻ ላይ የሚገለጥበትን «ሲክስዝ ሴንስ»ን ያየ ሁሉ ለምን ወዲያው መልሶ እንዳየው ራሱን ይጠይቅ። ሁለተኛው ዕይታ ላይ የዳይሬክተሩን እጅ እናያለን፤ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር፣ የትኛው ወንበር እንዳልተነካ። ምሥጢሩን ካወቁ በኋላ የማይታይ ፊልም አለ፣ ያ ግን ከምሥጢሩ ሌላ ምንም ያልነበረው ነው።

አምስተኛው ላይ ነው እጄን የምሰጠው። በ1961 በወጣው «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ሚኪ ሩኒ የተባለው ነጭ አሜሪካዊ ተዋናይ የውሸት ጥርስ ገጥሞ ጃፓናዊ ጎረቤት ሆኖ ያላግጣል። እዚህ ላይ «ዘመኑ እንዲያ ነበር» ብዬ አልከራከርም፤ ያኔም አስቀያሚ ነበር፣ ዳይሬክተሩ ብሌክ ኤድዋርድስ ራሱ በኋላ ተጸጽቷል። ስለዚህ ያኔ ያላየነውን ዛሬ ማየታችን እድገት ነው፤ ጸሐፊው ልክ ናቸው። እኔም በልጅነቴ በዚያ ሰውዬ ስቄያለሁ፣ ዛሬ ሲመጣ ፊቴን አዞራለሁ።

ከዚህ ወደ «ወድጄው ነበር ማለት ያሳፍራል» መሻገሩን ግን አልቀበልም። ኦድሪ ሄፕበርን መስኮቱ ላይ ጊታር ይዛ የምትዘፍንበት ትዕይንት በሩኒ ጥርስ ምክንያት ውሸት አልሆነም። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ንም እንመልከት፤ ባርነትን እንደ ደግ ዘመን የሚያሳይ የ1939 ፊልም ነው። ሃቲ ማክዳንኤል በዚህ ፊልም ባሳየችው ትወና በ1940 ኦስካር የተቀበለች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ሆነች፤ በዚያው ምሽት ግን ከባልደረቦቿ ተለይታ ዳር ባለ ጠረጴዛ ነው የተቀመጠችው። ይህን አውቆ ፊልሙን የሚያይ ሰው እንደ በፊቱ ሊደሰት አይችልም፣ ዓይኑን ከእርሷ ላይ ማንሣትም አይችልም። በ2020 ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳየው ኤችቢኦ ማክስ ፊልሙን አንሥቶ ከቀናት በኋላ ከማብራሪያ ጋር ሲመልሰው ጸሐፊው ከሚሉት የተሻለ መንገድ የመረጠ ይመስለኛል፤ እዩት፣ ምን እንደሆነም እወቁት።

የቀረው ምክራቸው ነው፤ የወደዳችሁትን ዳግመኛ አትዩ። በዚህ ጥሩ ጓደኛ አላቸው። ታዋቂዋ አሜሪካዊት ሐያሲ ፖሊን ኬል አንድን ፊልም ከአንድ ጊዜ በላይ አላይም ትል ነበር። የእርሷ ግን የመጀመሪያውን ስሜቷን ማመን እንጂ ፍርሃት አይመስለኝም። ጸሐፊው የሚመክሩት ፍርሃትን ነው። ሌላው አሜሪካዊ ሐያሲ ሮጀር ኢበርት በሌላ በኩል የጣሊያናዊውን ዳይሬክተር የፌሊኒን «ላ ዶልቼ ቪታ» በየዐሥር ዓመቱ ገደማ እየተመለሰ ያየው ነበር። በተማሪነቱ በጀግናው ቀና፤ ከዓመታት በኋላ የሁኔታው ሰለባ አድርጎ አየው፤ ከዚያም ሲቆይ አዘነለት፣ ወደደውም። እየተለወጠ ያለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ያ ፊልም እንደ ግድግዳ ላይ የቁመት ምልክት አገልግሎታል። አንዴ አይቶ ቢያቆም ምልክቱ አንድ ብቻ ይሆን ነበር። እኔም ያን የመምህር ፊልም ባልደግመው ኖሮ የተቀመጡትን ልጆች ሳላያቸው እሞት ነበር።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ልለምን። ከዝርዝርዎ ውስጥ አንዱን ይምረጡ፣ በጣም ያሳዘነዎትን። የትኛው እትም እንደሆነ ያጣሩ። ሪሞቱን አንሥተው ያን «ሞሽን» የሚለውን ነገር ያጥፉት። ከዚያ ይዩት። አሁንም ካልጣመዎት ይጻፉልኝ፤ ስለዚያ አንድ ፊልም ብቻ ከእርስዎ ጋር እቆማለሁ።